የድንቹ ስኳርና የቀትር ዕረፍት

ስም አልጠራም። ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም። ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ለሚያውቅ ሰው ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ለማያውቅ ደግሞ ስሙ ምንም አይጨምርለትም። የማወራላችሁ ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ጽሑፉን እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው።

እኔ ከደጋ መጥቼ እዚህ ያረጀሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ስመደብ “ጥቂት ሥሪና ትዛወሪያለሽ” ተብዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ከእኔ ጋር የመጡት በሙሉ ሄደዋል። ሲሄዱ አንዱ አልጋውን፣ አንዷ ማራገቢያዋን እየተዉልኝ ቤቴ የሄደ ሰው ዕቃ ሞላበት። የቀረሁት ተረስቼ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። የቀረሁት ያልጨረስኩት ሥራ ስለነበረኝ ነው።

ሥራው ስኳር ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው አይደለም። በልተን ስንጨርስ ግሉኮስ ወደ ሕዋሳችን ይገባል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር ከፎስፌት ጋር መታሰር ነው። ፎስፌት የታሰረበት ስኳር ተመልሶ አይወጣም፤ ደጁን አልፎ በረት ውስጥ እንደታሰረ በግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ መሮጡም ማሰቡም፣ ከዚያ እስር ይጀምራል።

ይህን በሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስንቱን ተማሪ አሳለፍኩ። አንዱ ተነሥቶ “ቲቸር፣ ይሄ ነገር ሲያዩት ምን ይመስላል?” ቢለኝ ግን የማሳየው አልነበረኝም። ባሮን ሳያዩ ስለ ባሮ እንደማስተማር ነበር። ተገዝቶ እንዲመጣ ጠየቅሁ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ነውና መልሱ ሁልጊዜ “እናያለን” ነበር። ስለዚህ ልሠራው ተነሣሁ።

እንዲህ ያለውን ስኳር በኬሚካል ብቻ ልሥራ ያለ ሰው ይደክማል። ግሉኮስ ፎስፌት ሊለጠፍበት የሚችል ብዙ ቦታ አለው፤ ፎስፌቱ ባገኘው ሁሉ ይለጠፋል፣ የሚፈለገውን ከማይፈለገው መለየት ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ኢንዛይም ግን ቦታውን ያውቃል። አንዱን ቦታ ብቻ ይይዛል፣ እዚያው ያስራል፣ ይለቃል። የእርሾ ኢንዛይም ይህን ይሠራል፤ ችግሩ ፎስፌቱን የሚያቀብለው ኤቲፒ የሚባል ነገር ያስፈልገዋል፣ ኤቲፒ ደግሞ በበረዶ ተከቦ ካልመጣ ይበላሻል።

አንድ ጊዜ ለምነን አስመጣን። በረራው በዝናብ ተሰርዞ ሳጥኑ አዲስ አበባ አደረ። በማግስቱ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበለው ሄድኩ። ጭነት የሚያወርደው ሰው ሳጥኑን ከልብሱ አርቆ ይዞ መጣና፣

“እትዬ፣ ይሄ ሳጥንሽ መንገድ ላይ ሲያለቅስ ነው የመጣው” አለኝ።

ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ወስጄ ሞከርኩት፤ ምንም አልሠራም። ሁለተኛ አልለመንኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድንች የዞርኩት። የጥሬ ድንች ውኃ ውስጥ ሌላ ኢንዛይም አለ። ስታርች ማለት እንደ ጨሌ የተሰካካ ግሉኮስ ነው፤ ይህ ኢንዛይም ከጫፉ አንዱን ጨሌ ሲያወልቅ በቦታው ፎስፌት አስሮ ይለቀዋል። የሚታሰርበት ቦታ ከእርሾው ይለያል፣ ግን ይህም ፎስፌት የታሰረበት ስኳር ነው። ኤቲፒ አይፈልግም። ከሩቅ የሚመጣ በረዶ አይፈልግም። ድንች፣ ስታርችና ተራ ፎስፌት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስታርቹን ከካሳቫ አወጣሁ፤ እሱ እዚህ ሞልቷል። ድንቹ ግን ከደጋው፣ ከመቱ በኩል በጭነት መኪና ነው የሚወርደው፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ መኪናው የገባ ዕለት ገበያ ሄጄ፣ በዚያው ዕለት ልጬ፣ በጁስ መፍጫ ፈጭቼ፣ በሻሽ አጥልዬ መጨረስ ነበረብኝ። ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች “የደጋዋ መምህርት ድንች ስትጾም ከርማ ነው እንዴ፣ ሲመጣ እንዲህ የምትሮጠው” እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የድንቹን ውኃ ከስታርቹና ከፎስፌቱ ጋር አዋሕጄ፣ ተሕዋሲያን እንዳያድጉበት የሚከረፋ ፈሳሽ ላዩ ላይ አፍስሼ፣ ተውኩት። የሥራ መመሪያው ሙቀት ጠባቂ መሣሪያ ውስጥ ይቀመጥ ይላል። እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መሣሪያውን ምን ያደርግልኛል? ጋምቤላ ራሷ መሣሪያ ናት። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ሥራ ያቆማል፣ የእኔ ድንች ግን አያቆምም።

ኢንዛይሙ ሁሉንም ስታርች አይለውጥም። እስከሚችለው ሄዶ ይቆማል። ያኔ ይፈላና ኢንዛይሙ ይሞታል፤ የተረፈው ስታርች በምራቅ ይበላል፣ አዎ፣ በሰው ምራቅ፣ የራሴን ነው የተጠቀምኩት። ያልታሰረው ፎስፌት በማግኒዥየም ተይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። መጨረሻ ላይ አልኮል ሲጨመር ከጠራው ፈሳሽ ውስጥ ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያን ነጭ ነገር መጀመሪያ ያየሁ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብዙ አየሁት። ማንም አብሮኝ አልነበረም።

ያኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስማቸውን የማልጠራው ሰውየው ነበሩ። በዕድሜ ያንሱኛል። ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ውጭ አገር ተምረው። ጋምቤላን የሚያዩዋት እንደ መናኸሪያ ነበር፤ ቁጭ ሲሉ እንኳ ሊነሡ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። ነጩን ነገር ሳሳያቸው፣

“ከምን ነው የሠራሽው?” አሉኝ።

“ከድንች።”

“ከድንች!” አሉና ፈገግ አሉ። “እስቲ እኔ ልመርምረው።”

ምርመራው ይህን ይመስላል። አሲድ ያለበት ፈሳሽ አለ፤ ልቅ ፎስፌት ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ከስኳር ጋር የታሰረ ፎስፌት ግን ወዲያው ቀለም አይሰጥም። ቱቦው በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ነው አሲዱ እስሩን የሚፈታው፣ ያኔ ሰማያዊ ይሆናል። እንግዲህ ሳይፈላ ጥርት ብሎ፣ ከፈላ በኋላ ሰማያዊ ከሆነ ስኳሩ አለ። ሳይፈላ ሰማያዊ ከሆነ ግን በእጅሽ ያለው ተራ የፎስፌት ጨው ነው።

ሰውየው ፈሳሹን ቱቦው ውስጥ ጨመሩ፣ በመስኮቱ በኩል አቆሙት፣ ሰዓታቸውን አዩ። የቀትር ዕረፍት ደርሷል። እንግዲህ የጋምቤላን የሥራ ሰዓት ለማያውቅ ልንገር። እዚህ ጠዋት በጊዜ እንገባለን፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ ቢሮ ተዘግቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የምንመለሰው ከሰዓት በኋላ ዘግይተን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ከቆርቆሮ ሥር የተዘጋ ክፍል በዚያን ሰዓት ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ማስታወሻውን ረስቶ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው።

“ዶክተር፣ ሳይሄዱ ያንብቡት” አልኳቸው። “ከተቀመጠ ሙቀቱ እስሩን ይፈታዋል።”

ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ እያነሡ፣ “አንቺ ድንችሽን ላጪ፤ ምርመራውን ለእኔ ተዪልኝ” አሉኝ።

ከዕረፍት ስንመለስ ቱቦው ሰማያዊ ነበር። ሰው ሁሉ ተጠራ። ጸሐፊዋ ሳትቀር መጣች። ሰውየው ቱቦውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ “ይህ ስኳር አይደለም፤ ጨው ነው። እህታችን ድንች አጥባ ጨዋማ ውኃ ሠርታልናለች” አሉ። ተሳቀ። እኔም እንደምስቅ ሆኜ ቆምኩ፤ ሰው ሲስቅብሽ ፊትሽን የት እንደምታደርጊው አይታወቅም። የሙቀቱን ነገር ደግሜ ተናገርኩ። “በውጭ አገር ይህን ምርመራ ስንሠራ ኖረናል” አሉኝ። ውጭ አገር ቀትር ላይ ክፍላቸው እንዴት እንደነበረ አልጠየቅኳቸውም። ነጩ ነገር ቧንቧ ሥር ተደፋ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ፤ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በሰሌዳ ብቻ እንዳስተምር ተመደብኩ። የማመሳክርበት የተገዛ እውነተኛ ስኳር ስላልነበረኝ ማስረጃ አልነበረኝም። የእሳቸው ቃል ነበር፣ የእኔ ቃል ነበር፤ የማን ቃል እንደሚበልጥ ደግሞ ግልጽ ነበር።

ጥቂት ቆይተው አዲስ አበባ ተዛወሩ። ፕሮፌሰር ሆኑ መባሉን ሰማሁ። እዚህ የቀሩት ሰዎች ስኳር በተነሣ ቁጥር “ጨዋማዋ” ማለታቸውን አልተዉም። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፣ ተዛውረዋል። ማራገቢያዋን የተወችልኝ አንዷ ናት።

ብዙ ዓመት አለፈ። ቤተ ሙከራው እጅ ለእጅ ዞሮ ዞሮ፣ የሚፈልገው ሲጠፋ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ ልጅቷ መጣች። ልጅ የምላት ለእኔ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ የራሷ ልጆች ያሏት፣ ፑኝዶ ውስጥ የምታስተምር፣ የዚህ አገር ተወላጅ የሆነች አኙዋ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ አማካሪ እንድሆናት ጠየቀችኝ። አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤት ስለሆነ “እርስዎ” የሚለው ነገር ከአፏ አይወጣም። ለእኔም ለዲኑም ለፖሊሱም “አንቺ”፣ “አንተ” ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው “እርስዎ” እያሉኝ ያዋረዱኝ ብዙ ናቸው።

“ስለ ምን ልትጽፊ ነው?” አልኳት።

“አንቺ ስለሠራሽው ስኳር።”

“ማን ነገረሽ?”

“ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። ሰው ብዙ ዓመት በአንድ ነገር ከሳቀ እዚያ የሆነ ነገር አለ አልኩ።”

ከድንች ጋር ስትታገል ከረመች። መጀመሪያ ላይ የደጋውን ድንች ለምን እንጠብቃለን ብላ ከአትክልት ቦታዋ ስኳር ድንች አምጥታ ፈጨች። የስኳር ድንች ውኃ ስታርችን በውኃ የሚቆርጥ ሌላ ኢንዛይም ሞልቶበታል፤ ስታርቹን በልቶ ፎስፌት የሌለው ተራ ስኳር ሰጣት። አልነገርኳትም፤ ራሷ እንድታገኘው ተውኳት። ስታገኘው “ታውቂ ነበር አይደል?” አለችኝ። “አውቅ ነበር።” “ክፉ ነሽ ቲቸር” አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ምርመራውን ጠዋት በጊዜ እንሠራ ነበር። ዓሣ ነጋዴዎቹ ከሚያመጡት በረዶ ትንሽ እየለመነች በጎድጓዳ ሳህን ታመጣለች፤ ቱቦዎቹን በረዶው ውስጥ አቁመን ወዲያው እናነባለን። ጥርት ያለ። እናፈላዋለን። ሰማያዊ። ደግመን ደጋግመን ሠራነው። በዚህ ላይ በጓደኞቿ በኩል እውነተኛው፣ የተገዛው ስኳር በትንሽ ጠርሙስ ደረሳት። የእኛውና የተገዛው በሁሉም አንድ ሆኑ። ለእኔ ነገሩ እዚያ አልቆ ነበር ማለት እችል ነበር። አላለቀም። ለልጅቷ የውጭ ፈታኝ ሆነው የተመደቡት ሰውየው ነበሩ።

ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የምላቸውን ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በፊት አዘጋጅቼው ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ አሻሻልኩ።

በዋዜማው ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“ቲቸር፣ ነገ አንቺ ዝም በይልኝ።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“አንቺ ከተናገርሽ የአንቺና የእሱ ጠብ ይሆናል። የእኔ ቴሲስ አይሆንም። እሱ ይናደዳል። እኔ እወድቃለሁ።” ቀጥላም፣ “ከወደቅኩ ፑኝዶ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣሉ። ልጆቼ እዚያ ናቸው” አለች።

እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኳትም። “ሂጂና ተኚ” አልኳት። እሷም ያልሰጠኋትን ቃል እንደሰጠኋት አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ሰውየው በጠዋቱ አውሮፕላን መጡ። አርጅተዋል። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ የሚነሡ ሰው መምሰሉን ግን አልተዉም። ሰላም ተባባልን። “አሁንም እዚሁ ነሽ?” አሉኝ። “እዚሁ ነኝ” አልኳቸው። ልጅቷ አቀረበች። ያቀረበችው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድንቹን፣ ኢንዛይሙን፣ ነጩን ነገር። ስትጨርስ ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይህ ነገር ከዚህ ቀደም እዚሁ ተሞክሮ ጨው ሆኖ የተገኘ ነው” አሉ። “ስለዚህ እኔ በወረቀት አላምንም። ምርመራው በፊቴ ይሠራ።”

ሁላችንም ወደ ቤተ ሙከራው ሄድን። ሙቀቱ ጀምሯል። ልጅቷ በረዶዋን አዘጋጅታ ነበር። ነጩን ነገር አሟሟች፣ ቱቦ ውስጥ ጨመረች፣ ፈሳሹን ጨመረች። በዚህ መካከል የአሁኑ ኃላፊ፣ ወጣት ነው፣ ደግ ልጅ ነው፣ እንግዳ የማክበር ጭንቀት ያለበት፣ በሩ ላይ ብቅ አለና፣

“ፕሮፌሰር፣ ዓሣው ደርሷል፤ ሾፌሩም እየጠበቀ ነው” አለ።

ሰውየው ሰዓታቸውን አዩ። “እንግዲህ ይቀመጥ፤ ከምሳ መልስ እናየዋለን።”

ያው ክፍል ነው። ያው መስኮት ነው። ዓረፍተ ነገሬ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል ጥርሴን ነክቶት ነበር። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። የልመና አስተያየት አልነበረም፣ አየችኝ ብቻ። ከንፈሬን ገጠምኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ዝም ብያለሁ፤ በፈቃዴ ዝም ያልኩት ግን ያን ቀን ነው፤ ከሌላው ሁሉ የከበደኝም ያ ነው።

ከዚያ እሷ ተናገረች።

“አይሆንም። አንተ አትሂድ።”

ወጣቱ ኃላፊ አሳለ።

“እርስዎ” አለች፤ ቃሉን እንደ ከባድ ዕቃ እያነሣች። “እርስዎ አይሂዱ። ትንሽ ብቻ። ይሄ አሁን ነው የሚነበበው።”

ሰውየው ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። “ልጄ፣ ዓሣ ሲቀዘቅዝ አይበላም እኮ።”

“ዓሣ ከቀዘቀዘ ይሞቃል። ይሄ ከሞቀ አይመለስም።”

ወጣቱ ኃላፊ ሳይፈልግ ሳቀ። ሰውየውም ሳቁ፣ ተቀመጡም። ልጅቷ ቱቦውን ከበረዶው አውጥታ በእጃቸው ሰጠቻቸው። ጥርት ያለ ነበር። አገላበጡት። በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆየችውና መልሳ ሰጠቻቸው። ሰማያዊ።

“መልካም” አሉ። “አሁን መብላት እንችላለን?”

“አሁን አዎ። ግን ሌላ ልተው።” ሦስት ቱቦ በመስኮቱ በኩል አቆመች። ባንዱ የተጣራ ውኃ፣ ባንዱ የእኛን፣ ባንዱ ከትንሿ ጠርሙስ የተገዛውን። ፈሳሹን እሳቸው ራሳቸው እንዲጨምሩ አደረገች። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ ጓጉንቸሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ዘረጋችላቸው። “አንተ ያዝ። ማንም አይገባም።”

ሰውየው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ከባሮ ዳር ተቀምጠን ዓሣ በላን። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። ማንጎው ጥላ ሥር ነፋስ አልነበረም። “የጋምቤላ ሙቀት አልተለወጠም” አሉ። “አልተለወጠም” አልኩ። የዓሣውን አጥንት እየለየሁ በላሁ፤ ልጅቷ ግን አልነካችውም፣ ዳቦ ብቻ ትቆርስ ነበር። ሰዓቱ እስኪደርስ ሌሎቹ ስለ መንገድና ስለ ዝናብ አወሩ።

ስንመለስ ሰውየው በሩን ከፈቱ። ከውስጥ የወጣው አየር የእቶን አፍ የተከፈተ ያህል ነበር። የውኃው ቱቦ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነው። የእኛው ሰማያዊ ሆኗል። የተገዛውም ሰማያዊ ሆኗል፤ ማንም ሳያፈላው፣ ቀትሩ ብቻ።

ሰውየው ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ይዘው ወደ ብርሃኑ ዞሩ። ጀርባቸውን ነበር የማየው። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር።

“ሙቀቱ ነው” አሉ።

ይህን ብቻ ነው ያሉት። ወደ እኔ አልዞሩም። ቱቦዎቹን አስቀመጡና ለልጅቷ፣ “ይህን ጥንቃቄ ጽሑፉ ውስጥ አስገቢ። ከባድ ነገር ነው፤ አንባቢ ሊሳሳት ይችላል” አሏት።

“ገብቷል” አለች።

“የት?”

ገጹን ገልጣ አሳየቻቸው። ‘ቱቦዎቹ በቀትር ዕረፍት ጊዜ ክፍል ውስጥ መተው የለባቸውም’ ይላል። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው፤ ሳትለውጥ ነው ያስገባችው።

“ጎላ ይበል” አሉ ሰውየው።

ልጅቷ አለፈች። እነዚያ የሳቁት ቢሰሙ ደስ ይለኝ ነበር። ወጣቱ ኃላፊ ውጤቱን ሲያነብ ልጅቷ እጄን ከጠረጴዛ ሥር ያዘች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ሙቀት።

በማግስቱ ሰውየውን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሸኘናቸው እኔና እሷ ነን፤ ኃላፊው ስብሰባ ነበረበት። ልጅቷ ሻንጣቸውን ለማስመዘን ወደ ውስጥ ገባች። እኔና ሰውየው የሚያለቅሰውን ሳጥን የተቀበልኩበት በር አጠገብ ቆምን።

“አንቺ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?” አሉኝ።

የተዘጋጀው ዓረፍተ ነገር ረጅም ነበር። አልተጠቀምኩበትም።

“ነግሬዎት ነበር።”

“ምን አልኩሽ?”

“ድንችሽን ላጪ አሉኝ።”

“እኔ?” አሉና ወደ ሜዳው አዩ። አውሮፕላኑ እየዞረ ነበር። “አላስታውስም።”

“እኔ አስታውሳለሁ፤ እርስዎ አይጨነቁ።”

ሄዱ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም ይቅር አላልኳቸውም። ይህን ደብቄ መልካም ሴት መምሰል አልፈልግም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልጅቷ “ነገርሽው?” አለችኝ።

“ነገርኳቸው።”

“ምን አለ?”

“አላስታውስም አሉ።”

“ጥሩ። ከአሁን በኋላ ያስታውሳል።”

ገበያው አጠገብ ስንደርስ ከመቱ የመጣው መኪና ድንች እያወረደ ነበር። ባጃጁን አስቆመችው። ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ የማሳየው እንዲኖር አንድ ዙር እንሥራ አለችኝ። ድንቹን በሁለት ፌስታል ይዘን ቤተ ሙከራው ደጃፍ ደረስን። በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ትናንት ስንወጣ አንዳችን ያለ ቁልፍ ገፋ አድርገን ዘግተነዋል። ልጅቷ ኪሷን ፈተሸች። እኔ ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ከዚያ እኩል ትዝ አለን።

“ቁልፉ” አለች፣ “እሱ ኪስ ውስጥ ነው!”

በዚያ ሰዓት ቁልፉ ከደመና በላይ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነበር። ልጅቷ እየሳቀች ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ድንቹ ከፌስታሉ ወጥቶ ወደ ኒሙ ዛፍ ሥር ተንከባለለ።

የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲወስዱብኝ ዝም ብዬ ነበር። ይህን ጊዜ ግን ከመንገዱ ማዶ ብረት የሚበይደውን ሰው ጠርቼ ጓጉንቸሩን አስቆረጥኩት። አዲስ ጓጉንቸር ከሁለት ቁልፍ ጋር አስመጣን። አንዱን እሷ ፑኝዶ ይዛው ሄደች፤ ለምን አትበሉኝ፣ የምትመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። አንዱ እኔ ጋር ነው። ያን ቀን ግን በሩ እንደተከፈተ እሷ መፍጫውን አጠበች፣ እኔ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ፣ ቢላዬን አንሥቼ፣ ድንቼን ልላጥ ተቀመጥኩ።